የንጉሡ ስም የሚገባበት ቦታ

ሰው ሳል ይለማመዳል? እኔ ቤት ተለማመዱ። በገዛ ማዕድ ቤቴ፣ በገዛ ወንበሮቼ ላይ ተደርድረው፣ እኔው የጋገርኩትን የአጃ ቂጣ በቅቤ እየበሉ፣ የልጅ ልጄን በሳል እንዴት እንደሚያዋርዱት ተለማመዱ።

«እንደሱ አይደለም!» ይላል ፋርከር በከዘራው ወለሉን እየደበደበ። ፋርከር ከባሌ ከማግነስ ጋር የአያቱን አልጋ ሊያስመልስ ለተነሣው ልዑል ሊዋጋ ወጥቶ፣ ባሌ ኩሎደን ሜዳ ላይ ሲቀር እሱ አንድ ጆሮውን አስደፍኖ የተመለሰ ሽማግሌ ነው። «ይሄ የጉንፋን ሳል ነው። እኛ የምንፈልገው የንቀት ሳል ነው። ከሆድ ይውጣ! ስሙ ሲጠራ ሁላችሁም አንድ ላይ!»

«እኔ እንኳ አልስልም፤ ከእናቴ ቤት ማሳል አልተማርኩም» አለች እመቤት ግሪዜል። የድሮ ባላባት መበለት ናት፤ መሬቱ ከጦርነቱ በኋላ ተወርሶ ዛሬ የቀራት ኩራቷና የሱረት ብልቃጧ ነው። «እኔ የጸሎት መጽሐፌን ጧ አድርጌ እዘጋለሁ። ከዚያ ከተንበረከክሁበት እነሳለሁ።»

«ለመነሳቱስ ካሁኑ ይጀምሩ እመቤቴ» አላት ፋርከር፤ «ለእሑድ ይደርሳሉ።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እሷም ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

«በማን ላይ እንደምትስሉ ታውቃላችሁ?» አልኳቸው። «በጊልበርት ላይ እኮ ነው! እዚች ምድጃ ሥር ዳዴ ሲል ያያችሁት ልጅ ነው።»

«በእሱ ላይ ማን ሳለ? በስሙ ላይ ነው እንጂ» አለኝ ፋርከር ሌላ ቂጣ እያነሳ። «ልጁንማ እንወደዋለን። ቅቤው አለቀ እንዴ ኤልስፔት?»

ከነዚህ ጋር ነው እንግዲህ የምኖረው።

ነገሩ የቆየ ነው። አያቶቻችን በእግዚአብሔር ስም የማሉለት ንጉሥ የሮምን ሃይማኖት ስለያዘ ከአልጋው ተባረረ። የለንደን ሰዎችም ሃይማኖቱ ይስማማናል ያሉትን ዘመድ ፈልገው ኋላ ጆርጅ የሚባለውን ከጀርመን አገር አመጡ፤ ከእሱ ወዲህ የነገሡትም ሁሉ ጆርጅ ናቸው። የእኛ ቄሶች እኛም የሮም ሰዎች አይደለንም፣ ግን አንዴ የተማለ መሐላ እንደ ሸሚዝ አይቀየርም አሉ። ስለዚህ ለንጉሡ ጸሎት ሲደረግ ቄሱ «ባሪያህን ንጉሣችንን» ይልና ይቆማል። አንድ ትንፋሽ ያህል። ከዚያ ይቀጥላል። በዚያች ትንፋሽ ውስጥ እያንዳንዱ ሰው የሚወደውን ስም በልቡ ያስገባል። እናቴ አስገባች፣ እኔ አስገባሁ፣ ልጄ ባሕር እስኪበላው ድረስ አስገባ። የእኛ አገር ሕፃን አቡነ ዘበሰማያትን ከመያዙ በፊት እዚያች ቦታ ላይ ትንፋሹን መያዝ ይማራል።

ለዚያች ትንፋሽ የከፈልነው ብዙ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ወታደሮች ጸሎት ቤታችንን አቃጠሉ። ሕግም ወጣ፦ ጆርጅን በስሙ የማይጠራ ቄስ ከአራት ሰው በላይ ሰብስቦ ከጸለየ ይታሰራል፤ ከደገመ በመርከብ ተጭኖ ባሕር ማዶ ይጣላል። የቀድሞው ቄሳችን ሌስሊ አንድ ክረምት ባሕሩ ዳር ያለው ወህኒ ከረመ። ሲወጣ ሳል ይዞ ወጣ። ያ እውነተኛ ሳል ነበር፤ መሐረቡን ያጠብኩት እኔ ስለሆንኩ ቀለሙን አውቀዋለሁ። ሁለተኛውን ክረምት አላየም። ስለዚህ ሰው ለቀልድ ሲስል አያስቀኝም።

ከዚያ ወዲህ የምንጸልየው የጨው ዓሣ ከሚከማችበት ቤት ሰገነት ላይ ነው። ዓመታት ሲያልፉ ሕጉ ተኛ፤ አልሞተም፣ ተኛ። እኛም ረሳነው። ጊልበርት ቄስ እሆናለሁ ሲለኝ ግን እኔ አልረሳሁም ነበር። ስንት ሥራ እያለ! በርሜል ሠሪ ሁን አልኩት፣ እምቢ አለ። ዛሬ በሌስሊ ቦታ ቆሞ የሚጸልይልን እሱ ነው።

በዚህ ክረምት ያ ባሌ የሞተለት ልዑል በተሰደደበት በሮም ሞተ። አልጋ ወራሽ የሚሆን ልጅ አልተወም። የቀረው ወንድሙ ሄንሪ ነው፤ ሄንሪ ደግሞ የሮም ካርዲናል ነው። ወሬው በደረሰ ማግስት ሰገነቱ ላይ የተደረገውን ጠብ ባትሰሙት ይሻላል።

«ሄንሪ ነዋ! የደም ነገር ነው፤ ደም ቆብ አያይም!» አለ ፋርከር።

«ካርዲናል በእኛ ጸሎት ውስጥ?» አለች እመቤት ግሪዜል። «እሱ እኮ አልጋው ላይ ቢወጣ መጀመሪያ የሚያባርረው የእኛኑ ቄስ ነው!»

«እና ለማን እንጸልይ?»

«ለማንም። እንደ ድሮው ዝም እንበል።»

«ዝም የምንለው ለማን ብለን ነው ታዲያ?»

በመጨረሻ ጳጳሶቻችን ተሰብስበው ቁርጡን ተናገሩ፦ ካሁን በኋላ ጆርጅ በስሙ ይጠራ፤ ያኔ ሕጉም ይነሣልን ይሆናል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ። እኔ ስሰማው ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ለማን እንዳለቀስኩ እንኳ በደንብ አላውቅም። ዕንባዬን ስጠርግ ግን አንድ ነገር ታየኝ፦ ጊልበርት ስሙን ካለ አይታሰርም። በቃ። ከዚያ ወዲያ ስለ ንጉሥ መስማት አልፈለግሁም።

ሰዉ ግን ፈለገ። ስሙ ከተጠራ እንስላለን፣ እንነሣለን፣ መጽሐፍ እንዘጋለን ብለው ተማማሉ። በዚያው ሳምንት የቀረጥ ሹሙ ኢንግልስ በሬን አንኳኳ። እሱ ፕሪስቢቴሪያን ነው፤ ጳጳስም የጸሎት መጽሐፍም የሌለው ሰው። ክፉ አይደለም፣ ግን የታዘዘውን ሳያደርስ እንቅልፍ አይወስደውም።

«እትዬ ኤልስፔት» አለኝ ባርኔጣውን አውልቆ፤ «አዲሱ ዳኛ ያን የድሮ ሕግ አንብቦታል።»

«ሌላ የሚነበብ አጣ?»

«እኔም እንደሱ ብዬ ነበር። እሑድ እመጣለሁ። ከኋላ ቁጭ ብዬ አዳምጣለሁ። ልጁ ስሙን ካለ ቤቴ ገብቼ ምሳዬን እበላለሁ። ካላለ…» ባርኔጣውን በእጁ አዞረው። «እባክዎ ይንገሩት፤ አንዲት ቃል ናት።»

አንዲት ቃል! ለእሱማ አንዲት ቃል ናት።

ሐሙስ ዕለት ከጓሮ የጊልበርትን ድምፅ ሰማሁ። ለዶሮዎቹ እህል ይበትናል። «ባሪያህን ንጉሣችንን ጆርጅን» ይላል። ዶሮዎቹ ይለቅማሉ። «ንጉሣችንን ጆርጅን።» እንደ ደወል የጠራ ድምፅ! ልቤ ወደ ቦታው ተመለሰ። በሩን ከፍቼ ወጣሁ።

«ጎሽ የእኔ ልጅ! እስቲ ለእኔ በልልኝ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ባሪያህን ንጉሣችንን…» አለና ዝም አለ።

«ምነው?»

«ሰው ሲያየኝ አይወጣኝም፣ እማማ። እዚያች ላይ ስደርስ ትንፋሼ ራሱ ይቆማል። አንቺን ሳይ ደግሞ አያቴ ማግነስ ይታየኛል።»

«አያትህን የት አውቀኸው? አባትህ እንኳ አላወቀው፣ በሆዴ ነበር!»

«ስትነግሪኝ አይደል ያደግሁት?»

«የነገርኩህ እንድታስታውሰው ነው፣ እንድትታሰርለት አይደለም! ማግነስ ሞቷል። ልዑሉ ሞቷል። ሌስሊ ሞቷል። በሕይወት ያለኸው አንተ ነህ። እና በል!»

አላለም። ያን ቀንም በማግስቱም እንደ ትንሽ ልጅ አስጠናሁት። ገንፎ እያማሰልሁ «በል» እለዋለሁ፣ «ንጉሣችንን…» ይላል፣ ማማሰያውን አንስቼ እጠብቃለሁ፣ ገንፎው ያርራል። ለዶሮ ሲሆን ቄስ ነው፣ ለእኔ ሲሆን ዲዳ።

እሑድ ደረሰ። ሰገነቱ ጢም ብሎ ነበር፤ ጉልበቴን አመመኝ እያሉ የሚቀሩት ሁሉ ያን ቀን ጉልበት አገኙ። ኢንግልስ ከኋላ የጨው በርሜል ላይ ተቀመጠ። እኔ እንደ ወትሮው ከፊት ነኝ። ፋርከር ከኋላዬ ነው። ጆሮው አይታመንም፣ የጊልበርትን አፍም የእኔ ሻሽ ይጋርደዋል። ስሙ የሚገባበትን ቦታ ግን ለማወቅ ጆሮ አያስፈልገውም፤ ዕድሜውን ሙሉ የተንበረከከበት ቦታ ነው።

ጊልበርት ቀለሙ የኖራ ግድግዳ መስሏል። ወደ ጸሎቱ ገባ። «ባሪያህን ንጉሣችንን» አለ።

ቆመ።

ዓይኔን ከከንፈሩ ላይ አልነቀልሁም። አልተንቀሳቀሰም። እንደ ሌስሊ፣ ከሌስሊም በፊት እንደነበሩት ሁሉ፣ አፉን ገጥሞ ቆመ።

በዚያችው ቅጽበት ፋርከር ሳለ። ወይ ሳል! እንደ መድፍ ነው ከኋላዬ የፈነዳው። ሌሎቹም ተከተሉ፤ ሰገነቱ ሁሉ አንድ ደረት ሆነ። መጽሐፎች ጧ ጧ አሉ። ወንበር ተንቋቋ፣ ሰው ተነሣ፣ የጨው ብናኝ ቦነነ። የውሸት ሳል ይስሉ የነበሩት በብናኙ የእውነት መሳል ጀመሩ። እመቤት ግሪዜል በንቀት ሱረት ልትስብ ብልቃጧን ስትከፍት ተደፋና ነፋሱ ወደ ኋላ ወሰደው፤ ኢንግልስ ከበርሜሉ ላይ እስኪወድቅ ድረስ አነጠሰ። ጸጥታ ሲመለስ ጊልበርት ሌላ ጸሎት ውስጥ ነበር።

እኔ ብቻ አየሁ። ስሙን አላለም።

ከጸሎት በኋላ ኢንግልስ ደረጃው ሥር ቆሞ ዓይኑን ይጠርጋል። «እኔ ከሳልና ከንጥሻ በቀር የሰማሁት የለም» አለ። «ስሙ ተጠርቷል ወይስ አልተጠራም?»

እኔ አፌን ሳልከፍት ፋርከር ከዘራውን እያውለበለበ መጣበት።

«ተጠርቷል ወይ? ሰምቻለሁ እንጂ! በዚህች በቀረችኝ ጆሮዬ! ያ ጀርመን ካልተጠራ ጉሮሮዬን የምቀደው ለጤናዬ ነው? ለዳኛህ ንገረው፤ ስሙ ሲጠራ ፋርከር ሳለበት በለው!»

«እኔም መጽሐፌን ዘግቼበታለሁ፤ ድጉሱ ተሰንጥቋል» አለች እመቤት ግሪዜል። «ይኸው፣ ይመልከቱት።»

«እኔም ስያለሁ!» «እኔም ተነሥቻለሁ!» ሁሉም በኢንግልስ ዙሪያ ተሰብስበው እየተሽቀዳደሙ መሰከሩ። ንጉሥ ጆርጅ ከወዳጆቹ መካከል እንኳ እንዲህ ያለ ምስክር አግኝቶ አያውቅም።

ኢንግልስ ወደ እኔ ዞረ። «እርስዎስ እትዬ? ከፊት ነበሩ።»

«በዚህ ሳል ውስጥ ምን ይሰማል?» አልኩ። ውሸት አልነበረም።

«እንግዲህ ተቃዋሚው ከመሰከረ ለዛሬ ይበቃል» አለ። «የሚቀጥለው እሑድ ግን ከፊት እቀመጣለሁ። በራሴ ጆሮ ልስማው።»

ፋርከር ሊሄድ ሲል ጊልበርት ከደረጃው ወረደ። ሽማግሌው ፊቱን አዞረበት። «አንተን ክርስትና ስትነሣ ያቀፍኩህ እኔ ነበርኩ» አለው። «አሁን ምእመንህ አይደለሁም፣ ቄሴም አይደለህ። እግሬ እዚህ አይደርስም።» ሄደ። ሌሎቹም ተከተሉት።

ቤት ስንገባ ጊልበርት ቀሚሱን እንኳ ሳያወልቅ ተመልሶ ወደ በሩ ሄደ።

«ወዴት?»

«ወደ ፋርከር። ስሙን እንዳላልኩ ልነግረው።»

ሮጬ በሩ ላይ ተደገፍሁ። በእኔ ዕድሜ መሮጥ!

«አብደሃል? ፋርከር ምሥጢር ይችላል? ነገ ጠዋት ወደቡ ሁሉ ይሰማዋል፤ ከነገ ወዲያ ዳኛው!»

«ባላደረግሁት ነገር ጠሉኝ እኮ፣ እማማ!»

«ይጥሉህ! የጠሉት ሰው ገንፎ ይበላል፣ አልጋው ላይ ይተኛል። የታሰረ ሰው ምን ይበላል? ሌስሊን ጠይቀው።»

«ውሸት ሆኖ ሊቀር ነው?»

«እሑድ በለውና እውነት ይሁን!»

ወንበር ላይ ተቀመጠ። «ጳጳሶቹ ትክክል ናቸው» አለ ቀስ ብሎ። «አስቤበታለሁ፤ የምንጠብቀው ሰው የለም። ማለት እንዳለብኝ አውቃለሁ። የማላውቀው መቻሌን ነው።»

ምን ትሉታላችሁ እንዲህ ያለውን ልጅ! ክፉ ቢሆን እቆጣው ነበር፤ ሞኝ ቢሆን እተወው ነበር። ያን ሳምንት ሙሉ አላስጠናሁትም። ዶሮዎቹንም የመገብኳቸው እኔ ነኝ።

እሑድ ማንም አልቀረም። እግሬ አይደርስም ብሎ የማለው ፋርከር ከሁሉ ቀድሞ መጥቷል።

«ምነው? ቄሴ አይደለም ብለህ አልነበር?» አልኩት።

«ለጸሎት አልመጣሁም። ለሳሉ ነው» አለኝ። «እኔ ከሌለሁ እነዚህ ዜማውን ያበላሹታል።»

ኢንግልስ እንዳለው ከፊት፣ ከእኔው አጠገብ ተቀመጠ። ክርኑ ክርኔን ይነካኛል። ጸሎቱ ተጀመረ። አንድ በአንድ ወደዚያች ቦታ ስንቀርብ ማዕበል ላይ ያለ ጀልባ ውስጥ የተቀመጥሁ መሰለኝ።

«ባሪያህን ንጉሣችንን» አለ ጊልበርት።

ቆመ።

ኢንግልስ ራሱን ቀና አደረገ። ከኋላዬ ፋርከር ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሲስብ ሰማሁት፤ ደረቱ እንደ ወናፍ ሞላ። ጊልበርት አየኝ። ያ የሚያውቀኝ ዓይን፣ የዓሣ አጥንት ሲያንቀው ጀርባውን እንድመታለት የሚያየኝ ዓይን። ማግነስ በልቤ መጣ፤ በየእሑዱ በዚያች ቦታ ላይ ይመጣል፣ ሌላ የሚመጣበት ቦታ የለውም። ሳልሰናበተው አለፈ።

«ጆርጅን» አልኩ።

ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ፊደል የጠፋበትን ልጅ እንደሚነግሩት፣ እንዲሁ።

የሰገነቱ ሰው ሁሉ ደረቀ። የሞላው የፋርከር ደረት ቀስ ብሎ፣ ያለ ድምፅ፣ አንገቴ ላይ ተነፈሰ። መጽሐፍ የዘጋ የለም። በማግነስ መበለት ላይ ማን ይስላል?

«ጆርጅን» አለ ጊልበርትም። ድምፁ ተሰነጠቀ እንጂ ተሰማ። ቀጠለ።

ኢንግልስ ሲወጣ ባርኔጣውን አነሣልኝ። ከዚያ በኋላ ሰገነቱን አልረገጠም። ፋርከር ደረጃው ሥር ጠበቀኝ። ቢሳደብ እመልስለት ነበር፤ ተዘጋጅቼ ነበር።

«ለአንቺ ስል ዋጥኩት» አለኝ። «አሁን ደረቴ ላይ ቁጭ ብሏል።»

«ማር በሙቅ ውሃ ጠጣበት።»

«ማግነስ ቢሰማሽ…»

«ማግነስ የልጅ ልጁን ቢያይ ኖሮ እሱም ይለው ነበር። ሂድ፣ ቤትህ ግባ።»

ይለው እንደነበር በምን አውቃለሁ? አላውቅም። ግን ልቤ ቆስሎ ነበርና ሌላ የምለው አልነበረኝም።

ቤት ስደርስ ምስጋና እጠብቅ ነበር። አዎ፣ ጠብቄ ነበር! ጊልበርት ግን ምድጃው ፊት ተቀምጦ እሳቱን ይቆሰቁሳል።

«ልለው ነበር እኮ» አለኝ።

«ምን?»

«ልለው ነበር፣ እማማ። ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። አንድ ትንፋሽ ብትታገሺኝ ኖሮ…»

«ከንፈርህ ላይ ምንም አልነበረም! ፊት ለፊትህ ነው የተቀመጥሁት!»

«አሁን ሰው ሁሉ አያቱ አስባለችው ይላል።»

«ይበል! አያቱ አስባለችው ይበሉ፣ አያቱ ቀበረችው ከሚሉ!»

ገንፎውን አቀረብሁለት፤ ጨው አነሰው አለኝ። ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ ጨው አነሰው!

አሁን በየእሑዱ ስሙን ይለዋል፤ ሳያቆም፣ ጥርት አድርጎ፣ ለዶሮዎቹ ይለው እንደነበረው። የሚስለውም ፋርከር ብቻ ነው፤ እሱም አንዲት ትንሽ ሳል፣ ለልማዱ። ስለዚህ የምፈራው ነገር መቅረት ነበረበት። አልቀረም። እዚያች ቦታ ስንደርስ አሁንም ምላሴን አዘጋጅቼ እጠብቃለሁ፤ ያን ቀን ትንሽ ብታገሠው ኖሮ ይለው ነበር ወይስ አይለው ነበር እያልኩ።